የት ላይ ነው የሚያሳክከው?

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው፦ ሲያክክ አድሮ ቤተሰቡን የማያስተኛ ትንሽ ውሻ። ጠያቂዎቹ «ምን ልቀባው?» ይላሉ። እኛ ደግሞ ከቅባቱ በፊት ቦታውን እንጠይቃለን። ጭራ ሥር፣ የጆሮ ጠርዝ፣ የጣት መሃል፤ እያንዳንዱ የሌላ በሽታ አድራሻ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፣ አንዳንዴም ያባብሰዋል።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ሦስት ዓመት የሆነው፣ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነጭ ፑድል አለን። ከወገቡ በታች ጭራው ሥር ያለውን ፀጉር እየነጨ ጨርሶታል፤ ቆዳው ቀልቷል፣ እዚህም እዚያም ቅርፊት ይዟል። በየሳምንቱ በኦሞ አጥበዋለሁ፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ቁንጫ እንዳልል አገላብጬ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም።

መልስ፦ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ቦታው ነው። ከወገቡ እስከ ጭራው ሥር፣ አልፎም እስከ ታፋው ጀርባ ፀጉሩን የሚነጭ ውሻ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ቁንጫ አለበት ተብሎ ይያዛል። ፈልገው አለማግኘትዎ አይገርምም። አንዳንዱን ውሻ የቁንጫ ምራቅ ያስቆጣዋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ንክሻ ይበቃዋል። ሲነጭና ሲልስ ስለሚውልም ቁንጫዎቹን ራሱ እየለቀመ ይውጣቸዋል። ስለዚህ ቁንጫዋን ትተው ኩሷን ይፈልጉ።

ነጭ ሶፍት አርጥበው ወለሉ ላይ ያንጥፉ። ውሻውን ላዩ ላይ ያቁሙትና በቅማል ማበጠሪያ፣ ሚዶም ቢሆን፣ ጥርሱ ቆዳውን እስኪነካ አስገብተው ጭራው ሥር ያለውን ፀጉር ደጋግመው ያበጥሩ። የተደቆሰ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ነገር ሶፍቱ ላይ ከረገፈ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁት። በነጥቡ ዙሪያ እንደ ዝገት ቀላ ያለ ቀለም ከተሰራጨ ቁንጫዋ ጠጥታ ያወጣችው ደም ነው። ጥቁር እንደሆነ ከቀረ አፈር ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ አፈር አይጠፋም።

ኩሱ ከተገኘ ሥራው ሁለት ቦታ ነው፤ ውሻው ላይና ቤት ውስጥ። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው ከወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ሴቷ ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ ስለማይጣበቅ ውሻው በሄደበት ሁሉ ይረግፋል። የሚፈለፈለው ትል ከብርሃን ይሸሻል፤ ሶፋ ሥር፣ ምንጣፍ ሥር፣ የሊሾው ስንጥቅ ውስጥ ይገባና በፈተለው ድር ራሱን ይጠቀልላል። በግምት ከ20 ቁንጫ 19ኙ በዕንቁላል፣ በትልና በድር ውስጥ ሆኖ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ውሻው ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

ለውሻው፣ ፊፕሮኒል ያለበት የሚንጠባጠብ መድኃኒት ካገኙ ከ2 እስከ 10 ኪሎ ላለ ውሻ የተዘጋጀው ብልቃጥ 0.67 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከትልቅ ውሻ ብልቃጥ እየቀነሱ አይስጡት። በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል፣ ምላሱ በማይደርስበት፣ ፀጉሩን ለሁለት ከፍለው ቆዳው ላይ ያፍሱት። ብዙ ሰው ፀጉሩ ላይ ያፈሰውና «አልሠራም» ይላል። መድኃኒቱ የሚሰራጨው በቆዳው ወዝ አማካይነት ስለሆነ ከመደረጉ 2 ቀን በፊትና 2 ቀን በኋላ ውሻው አይታጠብም። የእርስዎ ውሻ ግን በየሳምንቱ በኦሞ ስለሚታጠብ ወዝ የለውም፤ እንዲህ ከቀጠሉ ምንም ቢያፈሱበት ገንዘብዎን ማፍሰስ ነው። የሚታኘክ እንክብል ቢመርጡ ፍሉራላነር ያለበት፣ ብራቬክቶ እየተባለ የሚሸጠው፣ ቁንጫን ለ12 ሳምንት ያህል ይይዛል። ውሻው የሚጥል በሽታ ኖሮት የሚያውቅ ከሆነ ግን ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለቤቱ፣ የሚተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ምንጣፉን ውጭ ያራግፉ፣ ሶፋውን አንስተው ሥሩን ይጥረጉ፣ ጥራጊውን ላስቲክ ውስጥ ቋጥረው ይጣሉ። ለወለል የሚነፋ የተባይ መድኃኒት ከተጠቀሙ እስኪደርቅ ድረስ ልጆችም ውሻውም ውጭ ይቆዩ። ቤቱ ውስጥ ድመት ካለ ፐርሜትሪን ያለበትን ጨርሶ አያስገቡ፤ ውሻ የሚችለው መጠን ድመት ይገድላል። ድሩ ውስጥ የተጠቀለለውን ቁንጫ መድኃኒት አያገኘውም። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ አዲስ ቁንጫ ቢያዩ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሳያቋርጡ 3 ወር ይቀጥሉ።

ኦሞውን ዛሬውኑ ይተዉት። የልብስ ሳሙና የተሠራው ቅባት ለመንቀል ነው፤ የውሻ ቆዳ ደግሞ ከእኛ ቆዳ የሳሳ ነው። የሰው ሻምፑም ቢሆን ለ5.5 ገደማ ፒኤች የተዘጋጀ ነው፣ የውሻ ቆዳ ወደ 7 ይጠጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላም ጣጣ አለ፤ ሳሙናው በደንብ አይለቀለቅም፣ የቀረውም ራሱ ያሳክካል። ያለዎት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 5ቱን ሊትር ለማርጠቢያ፣ 15ቱን ለማለቅለቂያ ይመድቡ። ውሃው ለብ ያለ፣ በክርንዎ ሲነኩት የማያቃጥልም የማይቀዘቅዝም ይሁን። አንድ የሾርባ ማንኪያ የውሻ ሻምፑ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጠው ያፍሱበት፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ ካፈሰሱት አንድ ቦታ ላይ ይጣበቃል። ሐኪም ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት ሻምፑ ካዘዘ የበጠበጣውን ነገር ለሐኪሙ ይተዉና እንደታዘዘው ይቀቡት፤ አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ በሰዓት እየታየ። በግምት የተቆጠረ 10 ደቂቃ ብዙ ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። የሚወርደው ውሃ አረፋ አጥቶ እስኪጠራ ያለቅልቁት፣ ፎጣውን ሳያሹ በመጫን ያድርቁት። የዚህ አገር ማታ ብርድ ነውና የሚታጠበው ረፋድ ላይ ይሁን።

ቅርፊቱ መግል ከያዘ ወይም መሽተት ከጀመረ ግን ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ያኔ ቁንጫውን ማጥፋት ብቻውን አያድነውም፣ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የ4 ወር ቡችላችን 3 ኪሎ ናት። የጆሮዋ ጠርዝ ቅርፊት ሠርቷል፣ ክርኗና ሆዷ ተመልጧል፤ ሌሊቱን ሙሉ ታክካለች። ልጆቹም ክንዳቸውና ሆዳቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቶባቸዋል። ከብት የሚያረቡ ጎረቤታችን አይቨርሜክቲን ሰጥተውን «አንድ ሚሊ ውጓት፣ ይበቃታል» አሉ። ትክክለኛው ስንት ሚሊ ነው?

መልስ፦ ጠርሙሱን አመስግነው ለጎረቤትዎ ይመልሱ። ለከብት የሚሸጠው አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ። የከብቱ መጠን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚሁ ሒሳብ ለ3 ኪሎ የሚደርሰው 0.06 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በባለ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ላይ ከመጀመሪያዋ መስመር በታች የሚቀር፣ ማንም በዓይኑ ሊለካው የማይችል ጠብታ። «አንድ ሚሊ» የዚህ ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ሌላም አለ፤ ኮሊና አንዳንድ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች በውርስ ይህን መድኃኒት ከአንጎላቸው መከላከል አይችሉም፤ እነሱን ለከብት ልክ የሆነው መጠን ራሱ ሊጥላቸው ይችላል። የቡችላዎን እናት ቢያውቋት እንኳ አባቷን ማን ያውቃል?

ምናልባት ይህ እስኪደርስዎ ተወግታ ከሆነ የሚጠበቁት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ትንገዳገዳለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ያየች እየመሰላት ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሙ የሚያደርገው መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ መደገፍ ነው፣ ያም ቀናት ይወስዳል። ወተት አያጠጧት። በመርፌ የገባውን ወተት አያወጣውም፤ የምትንገዳገድ ውሻ ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊሄድባት ይችላል።

ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖንም አይሞክሩት። በቆዳም ይገባል፣ ስትልሰውም ይገባል። ምራቅ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥና እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ የዓይን ብሌን ካዩ ጓንት አድርገው በብዙ ውሃና በሳህን ሳሙና ያጥቧትና ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪም ይሩጡ፤ ለዚህኛው አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ሐኪሙ ግን የገባውን ነገር ስም ማወቅ ይፈልጋል። አሚትራዝ የሚባለው የተባይ መድኃኒትም ከ4 ወር በታች ለሆነ ቡችላና ለቺዋዋ አይሆንም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ ፌጦ በሎሚ... የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ ሁሉም የተላጠ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ዘይቱና ጋዙ ደግሞ ሲላሱ ይመርዛሉ።

በሽታው ራሱ እከክ ይመስላል። ሳርኮፕተስ የምትባል፣ በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ ዋሻ እየቆፈረች ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ፀጉሩ የሳሳበትን ቦታ ስለምትወድ ጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚትና ሆድ ላይ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ። የጆሮዋን ጠርዝ አጥፈው ጆሮውን በራሱ ላይ ለ5 ሴኮንድ ያህል ይሹት፤ የኋላ እግሯ ሳታስበው ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። በእርጋታ ይሁን፤ ጆሮ የሚያመው ውሻ ይናከሳል። ከነከሰችዎ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ጤና ተቋም ይሂዱ፣ በተለይ የእብድ ውሻ ክትባቷን ገና ካልወሰደች።

የልጆቹ ሽፍታም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ክንድና ሆድ ቡችላ ሲታቀፍ የሚነካው ቦታ ነው። የውሻ እከክ ሰው ላይ ዘሩን መቀጠል ስለማይችል ቡችላዋ ከታከመች በኋላ ባብዛኛው በ2 እና 3 ሳምንት ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ወይም ጣቶቻቸው መሃል ከወጣና ማታ ማታ ከባሰ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እከክ ሊሆን ስለሚችል እነሱንም ሐኪም ይያቸው።

ሐኪሙ በምላጭ ከብዙ ቦታ ቆዳ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል። ተባዩ ጥቂት ስለሆነች ብዙ ጊዜ ሳትገኝ ትቀራለች፤ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፣ ምልክቱ ከገጠመ ጥሩ ሐኪም ሕክምናውን ይጀምራል። ዛሬ ለዚህ የሚመረጡት በኪሎ የተመደቡት የሚታኘኩ እንክብሎችና የሚንጠባጠቡ መድኃኒቶች ናቸው። ኪሎዋን በግምት አይናገሩ፤ ሰው ታቅፏት የሚመዘንበት የቤት ሚዛን ግማሽ ኪሎ ቢሳሳት ለ3 ኪሎ ቡችላ ብዙ ነው። ዘንቢል ውስጥ አስገብተው በእህል ሚዛን ያስመዝኗት፣ የዘንቢሉን ይቀንሱ። ግቢ ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ባያክክም አብሮ ይታከም። የተኛችበትን ጨርቅ ያፍሉት፤ የማይፈላውን ላስቲክ ውስጥ አስረው ለ3 ሳምንት ያቆዩት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ዓይኑና አፉ ዙሪያ፣ የፊት እግሩ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ የሚረግፍ ግን ብዙም የማያክክ ቡችላ ሌላ በሽታ ነው ያለበት፤ ዴሞዴክስ ይባላል፣ ወደ ሰውም ወደ ሌላ ውሻም አይጋባም። ክብ ሆኖ ተመልጦ የቤቱ ሰው ላይም ጭርት ከወጣ ደግሞ ፈንገስ ነው።

በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ በኩል ላላችሁ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ለከረመ የቆዳ በሽታ መንገዱ አያስቆጭም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የ5 ዓመት ውሻችን 5 ኪሎ ነው። ክረምት ከበጋ የእግሩን ጣቶች ይልሳል፤ ነጩ ፀጉሩ ቡናማ ሆኗል፣ ጆሮውም ይሸታል። የሚበላው እኛ የተረፈንን ነው፦ በጾም ሽሮ ፍትፍትና ዳቦ፣ በፍስክ ሥጋ። ሰዎች «ምግቡ ነው» ይሉናል። እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከምግቡ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛ ቁንጫ፤ ከላይ እንዳልነው በእርጥብ ሶፍት። ሁለተኛ ጆሮውና ጣቱ መሃል የሰፈረው እርሾ መሰል ፈንገስ። ያ ሽታ የእሱ ነው፤ ሌላ በሽታ በቀደደለት በር ይገባና ራሱን የቻለ ማሳከክ ይጨምራል። ቡናማው ቀለም ከምራቁ ነው። ክሎርሄክሲዲንና ሚኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ባንድ ላይ ያለበት ሻምፑ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ደቂቃ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት እግሩ ላይ ይደረግ። ከውጭ ሲገባ ጣቶቹን ለብ ባለ ውሃ አጥበው መሃል ለመሃል ያድርቁ፤ ጨጎጎት ተሰክቶ እንደሆነም ያኔ ይታያል። ጆሮው ውስጥ ግን ምንም አያንጠባጥቡ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያለው ጠብታ ሊያደነቁረው ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪም በመሣሪያ ይየው።

እነዚህ ተስተካክለው ማሳከኩ ከቀጠለ ወደ ምግቡ እንሂድ። የምግብ መቆጣትን (አለርጂን) በደም ምርመራ በአስተማማኝ ሁኔታ ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው በአንድ መንገድ ነው፦ ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን ሥጋና እንደ ድንች ያለ አንድ ማጥገቢያ ብቻ 8 ሳምንት በመስጠት። ውሾችን አብዝተው ከሚያስቆጡት መካከል የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ግንባር ቀደም ናቸው፤ የእርስዎ ውሻ ሦስቱን አራቱን ሲበላ ነው የኖረው። ዓሣ በልቶ ካላወቀ ግን ሁዳዴ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ሉካንዳው ቢዘጋም ዓሣ እንደ ልብ ነው፣ ቤት ውስጥም ሥጋ ስለማይበስል ተደብቆ የሚያጎርሰው ሰው ይቀንሳል።

ለ5 ኪሎ ውሻ በቀን 120 ግራም ያህል የበሰለ ቆሮሶ ዓሣ፣ 200 ግራም የተቀቀለ ድንችና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ። ጨው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ አይገባም። እሾሁን በጣትዎ እየዳበሱ ያውጡ፤ በዓይን ብቻ የተለቀመ ዓሣ ሁልጊዜ አንድ እሾህ ይቀረዋል። በየሳምንቱ ይመዝኑትና ከቀነሰ ድንቹን ይጨምሩ። ይህ ምግብ ካልሲየም ስለሚጎድለው ላደገ ውሻ ለ8 ሳምንት እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፣ ለቡችላም አይሰጥም።

ሙከራው የሚበላሸው ባብዛኛው በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ሕፃኑ የጣለው ብስኩት፣ ከጎረቤት አጥር የተወረወረ አጥንት፣ የሥጋ ጣዕም ያለው እንክብል፤ አንዱ ብቻ ሳምንታቱን ከንቱ ያደርጋቸዋል። 8 ሳምንቱ ሲሞላ ከተሻለው ሥራው አላለቀም፤ የቀድሞ ምግቡን መልሰው ይስጡት። በ2 ሳምንት ውስጥ ማሳከኩ ከተመለሰ ምግቡ ነው። ከዚያ ወደ ዓሣው ይመለሱና የበሬ ሥጋን ብቻ፣ ቀጥሎ ዳቦን ብቻ እያሉ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳምንት ሰጥተው ይለዩት። ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ «ተሻለው» ይበቃዋል። ግን ወቅቱ ተለውጦ ይሆናል የተሻለው። ዓሣው ምንም ካልለወጠ የሚቀረው የአቧራ፣ የአበባ ብናኝ ወይም እንደ ሰርዶ ያለ ሣር መቆጣት ነው፤ እሱ በመድኃኒት ይያዛል እንጂ አይነቀልም።

ሽሮው ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለ5 ኪሎ ውሻ 75 ግራም ቀይ ሽንኩርት፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ፣ ለመመረዝ ሊበቃ ይችላል፤ በየቀኑ በትንሽ በትንሹም ይጠራቀማል። ድዱ ከነጣ ወይም ሽንቱ ጠላ ከመሰለ ሳያድር ይወሰድ። ወር ሁለት ወር ሽሮና ዳቦ ብቻ የበላ ውሻ ፀጉሩ ይደበዝዛል፣ ቆዳው ይፈረፈራል፣ ያ ግን ብዙም አያሳክከውም።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ ለልጄ የታዘዘ ሴትሪዚን ሽሮፕና የቆዳ ቅባት ቤት አለ። ፋርማሲ ውስጥ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ርካሽ ነው። ለውሻዬ ልስጠው?

መልስ፦ ሽሮፑን አይስጡት። ስኳር አልባ ከሆነ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ሊኖርበት ይችላል፤ ለውሻ መርዝ ነው። ሴትሪዚን ራሱ ብዙም ጉዳት ባይኖረውም የውሻ ማሳከክን ብቻውን የሚያቆመው ከስንት አንዴ ነው፤ ከጉንፋን መድኃኒት ጋር የተቀላቀለው ግን አደገኛ ነው። ቅባት የተቀባ ውሻ ቅባቱን ይልሰዋል፤ ዚንክ ያለበት የሕፃን ቅባትም፣ ፊት ለማቅላት የሚሸጡት ብርቱ ቅባቶችም ሆዱ ይገባሉ።

ፕሬድኒሶሎን ማሳከክን በአንድ ቀን ውስጥ ሲያጠፋ ይታያል፤ ችግሩም ይኸው ነው። እከኩ ወይም ዴሞዴክሱ ሥር እየሰደደ ባለቤቱ «ዳነ» ይላል። ውሻው ውሃ ሲጠጣ፣ ሲሸና፣ ሲርበው ይውላል፤ ሳምንታት የተሰጠ ከሆነ ደግሞ በአንዴ አይቋረጥም። ከዳይክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ከተደረበ ጨጓራው ይቆስላል፤ አይቡፕሮፌን ለብቻውም ቢሆን ለውሻ አይሰጥም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ የውሻችን ጆሮ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተደርድሯል። ቁንጫ ይመስላል፣ ግን ብነካውም አይዘልም። ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አሉን።

መልስ፦ መልሱን ዶሮዎቹ ፊት ላይ ያገኙታል። ዓይናቸው ዙሪያና ኩክኒያቸው ሥር ያንኑ ጥቁር ነጠብጣብ ይፈልጉ። የዶሮ ተጣባቂ ቁንጫ ነች፤ ሴቷ አፏን ቆዳ ውስጥ ተክላ እዚያው ትቀመጣለች፣ ስትበጠርም አትወድቅም። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይያዙና ቀጥ አድርገው ይንቀሉ፤ ቦታውን በሳሙና ያጥቡት። ብዙ ከሆኑ ለውሻው ከላይ የጠቀስነው የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ይደረግለት፤ ዶሮዎቹ ላይ ግን ፊፕሮኒል አይደረግም፣ ዕንቁላሉን ሰው ይበላዋልና። ለእነሱ ነጠብጣቡ ላይ ቫዝሊን ወፈር አድርጎ መቀባት ቁንጫዋን ያፍናታል፤ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። የቆጡን ኩስና ገለባ ጠርገው ያቃጥሉ፣ ውሻው ቆጡ ሥር እንዳይተኛ ያድርጉ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚታሰረውን ላስቲክ ፈልጌ አጣሁ። ፔኪኒዝ ነው።

መልስ፦ አሮጌ የራጅ ፊልም ይበቃዋል፤ 35 በ43 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ትልቁን የደረት ፊልም ይፈልጉ። መጀመሪያ በጋዜጣ ቆርጠው ይሞክሩት። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በ6 ሳንቲ ሜትር ትንሹን፣ በ21 ሳንቲ ሜትር ትልቁን ክብ ይሥሩ። ትልቁ ክብ ሙሉ በሙሉ ፊልሙ ላይ አይገባም፣ አያስፈልግምም፤ የሚፈለገው ከሦስት እጅ ሁለቱ፣ ለመደራረቢያ ትንሽ ጨምሮ ነው። ጠቅልለው ጫፉን ከጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ሲያደራርቡት 24 ሳንቲ ሜትር ያህል አንገት የሚይዝ ቀንድ መሰል ነገር ይወጣዋል። የውስጡን ጠርዝ በፕላስተር ዙሪያውን ይሸፍኑት፤ ባዶውን ከተተወ ፊልሙ እንደ ቢላ ነው፣ አንገቱን ይቆርጠዋል። በወረቀት መብሻ አራት ቀዳዳ በስተው በጎዝ ማሰሪያ ከአንገት ቀበቶው ጋር ይሰሩት። በፊልሙና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ የፊት ጠርዙም ከአፍንጫው ጫፍ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ዞሮ ይልሰዋል፣ በሌላ ቁራጭ ያስረዝሙት። የመጀመሪያውን ማታ ከበርና ከሶፋ ጋር እየተጋጨ ያድራል፤ በማግሥቱ ይለምደዋል። ሲበላ ያውልቁለትና አጠገቡ ቆመው ይጠብቁት፤ አፉን ጠርጎ ወደ ቁስሉ ሳይዞር መልሰው ይሰሩለት።